ሁለተኛው ዕይታ

ንግርና ምልሰት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ተጣምረው የሚጠሩ ሁለት የትረካ ብልሃቶች ናቸው። በምልሰት ተራኪው ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ያሳያል፤ በንግር ደግሞ ገና ያልደረሰውን አስቀድሞ ይጠቁማል። ተማሪ ሁለቱንም ስሞች ከነትርጉማቸው ያጠናል። ይሁን እንጂ አንድ ልብ ወለድ ተሰጥቶት «ምልሰቱን አውጣ» ቢባል ሳይቸገር የሚያወጣው ተማሪ፣ «ንግሩን አውጣ» ሲባል እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ለዚህ ተማሪውን መውቀስ አይገባም። ምልሰት በመጀመሪያው ንባብ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ረቂቅ የሆነ ንግር ግን መጽሐፉን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ለተነሣ አንባቢ ካልሆነ በቀር ፊቱን አይገልጥም። አንድን የኪነ ጥበብ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ሰምቶ ወይም አይቶ ብያኔ የሚሰጥ ሐያሲም ምስክሮቹን ሁሉ ሳይሰማ እንደፈረደ ዳኛ ይቆጠራል።

ሁለት ጊዜ የመስማት ልማድ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ የሰሜን ሸዋ አገር ስሙ የሚነሣው በበጉ፣ በባናውና በጓሳው ሣር ነው። በዓለም የጥናት መጻሕፍት ውስጥ የገባው ግን በአነጋገሩም ጭምር ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ገበሬዎች መካከል ተቀምጦ ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰየመው። የቅኔውን ስም ለመላው የአማራ ባህል ምልክት አደረገው ማለት ነው።

ሌቪን እንደተመለከተው፣ ሰምና ወርቅ በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አልነበረም። ገበሬው በዕለት ተዕለት ንግግሩ ሰውን በግልጽ ሳያስቀይም ለመንቀፍ፣ ባለሥልጣንን ሳይያዝ ለመተቸት፣ የግል ጉዳዩንም ከጠያቂ ለመሸፈን ይጠቀምበታል። ምሁሩ በዚህ ተደነቀ፤ ነገር ግን አንድ ጥርጣሬ ጣለ። ዘመናዊ ኑሮ፣ ማለትም ሳይንስ፣ ቢሮና ፋብሪካ፣ ቃል አንድና የተወሰነ ፍቺ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ሁለት ፍቺ ያለው አነጋገር ከዚህ ጋር እንዴት ይስማማል የሚል ነው። ጥርጣሬው በተማሩት ዘንድ ሰፊ ቦታ አግኝቶ ኖሯል። «ተናገር እንጂ አትቀኝ» የሚለው የስብሰባ ተግሣጽም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል።

የዘመኑ አጋጣሚ የሚያስገርም ነው። ሌቪን መጽሐፉን ባሳተመበት ዓመት አካባቢ፣ ማለትም በ1957 ዓ.ም.፣ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ጥያቄው፣ የዘመናዊ መሣሪያው ጥበብና የረዥሙ ልብ ወለድ ጥበብ የቅኔውን ጆሮ ይፈልጋሉ ወይስ ይንቁታል የሚለው ነው። ከዘመናዊነት ዘውጎች ሁሉ ዘመናዊ ነው የሚባለው፣ መሠረቱን በሳይንስ ላይ ያደረገው የጠፈር ድራማ፣ በምርጥ ሥራዎቹ ከተመልካቹ የሚጠይቀው የቅኔ ታዳሚውን ጆሮ ራሱን ነው። ይህን ለማየት አስቀድሞ የቅኔውን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል።

ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፤ በተወው ባዶ ቦታም የቀለጠው ወርቅ ይገባል። አብዛኛው ሰው ከዚህ ምሳሌ የሚያስታውሰው ሰሙ ርካሽ፣ ወርቁ ውድ መሆኑን ብቻ ነው። አንጥረኛው የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። ወርቁ የሚይዘው ቅርፅ ሰሙ የነበረውን ቅርፅ ነው። ሰሙ ጣቱ የጎደለ መስቀል ከሆነ ወርቁም ጣቱ የጎደለ መስቀል ይወጣል። ስለዚህ ጥሩ ቅኔ ወርቁን የማያውቅ አድማጭ እንኳ ሙሉ ነገር ሰማሁ ብሎ የሚሄድበት ነው።

አንድ ቃል ለምሳሌ ይበቃል። «ይማር» ተብሎ የተጻፈውን ሲያጠብቁት ትምህርት ይሆናል፤ ሲያላሉት ምሕረት ይሆናል። ልጁን ትምህርት ቤት የሚሰድ አባት «ልጄ ይማር» ቢል ሰሚው ደብተርና መምህር ያስባል። ልጁ አንድ በደል ሠርቶ እንደነበር በኋላ ያወቀ ሰው ግን ያንኑ ቃል አላልቶ ይሰማዋል። አባትየው የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ ሰሚው የሰማው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው መስማት ላይም የጎደለ ነገር አልነበረም።

የቅኔ መምህራን ይህን ብልሃት በአንድ ስም ጠቅልለው አይተዉትም። ሰምና ወርቅ በሚባለው መንገድ ሰሙም ወርቁም በቃል ተነግረው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ውስጠ ወይራ በሚባለው ግን የሚነገረው ላዩ ብቻ ነው፤ ውስጡን አድማጭ ራሱ ፈልፍሎ ያገኘዋል፤ ካላገኘውም ባለ ቅኔው አይነግረውም። ቅኔ ደግሞ በማሕሌት ላይ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል፤ ለሌላ በዓል አይደገምም። «ይበል!» ብሎ የሚያደንቀው ታዳሚ ወርቁን ወዲያው ያገኘው ነው፤ ሌላው ቤቱ እስኪደርስ፣ አንዳንዴም እስከሚቀጥለው እሑድ ሲያሰላስለው ይኖራል። ሁለተኛው መስማት በልብ ውስጥ የሚፈጸም ነው።

ከዚህ ጋር ሊቀላቀል የማይገባው ሌላ ነገር ትንቢት ነው። የሸዋ ነገሥታት ቤት መነሻው መንዝ ሲሆን፣ በዚሁ ቤት ታሪክ ውስጥ የታወቀ አንድ ትረካ አለ። ምኒልክ የሚለው ስም ለታላቅ ንጉሥ የተጠበቀ ነው የሚል ትንቢት እንደነበረ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ለተወለደው የልጅ ልጃቸው ይህን ስም እንዳወጡለት ይተረካል። ትረካው ውብ ነው፤ ንግር ግን አይደለም። ታሪኩን የሚሰማ ሰው ሁሉ አፄ ምኒልክ ማን እንደሆኑ አስቀድሞ ያውቃል። ትንቢቱ የሚነገረው ፍጻሜው ከታወቀ በኋላ፣ ፍጻሜውን ለማክበር ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ መስማት አያስፈልገውም። ብዙ የድራማ ጸሐፊዎች ንግር የሠሩ እየመሰላቸው የሚሠሩት ይህን ነው። አሮጊት ሕልም አይታ ታለቅሳለች፣ ጉጉት ይጮኻል፣ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ተመልካቹም ሰው ሊሞት መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

የቅኔውን መለኪያ እጅግ ሩቅ በሆነ ሥራ ላይ መሞከር ጥንካሬውን ያሳያል። «ባቢሎን አምስት» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ መግቢያ ፊልም ተጀምሮ፣ ከ1994 እስከ 1998 በአምስት ምዕራፎች 110 ክፍሎች የቀረበ ነው። ደራሲው ጆሴፍ ማይክል ስትራዚንስኪ ከ110ሩ ክፍሎች 92ቱን በራሱ እጅ ጽፏል፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ ያለ ረዳት ብቻውን ጨርሷል። ከዚያ በፊት የነበረው የጠፈር ድራማ ልማድ፣ እንደ ቀድሞው «ስታር ትሬክ»፣ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ችሎ የሚያልቅበት ነበር። ስትራዚንስኪ ግን መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው የአምስት ዓመት ልብ ወለድ አቅዶ ተነሣ። ንግርን ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ሥራ በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ23ኛው መቶ ዘመን፣ በጠፈር ላይ በተሠራ አንድ ጣቢያ ውስጥ ነው። የሰው ልጅና የሌሎች ዓለማት ሕዝቦች መልእክተኞች ጦርነትን ለማስቀረት በዚያ ይሰበሰባሉ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ የድራማው ምሰሶዎች ናቸው። አንደኛው የሴንታውሪ መልእክተኛ ሎንዶ ሞላሪ ነው፤ ክብሩ ያለፈበት የአሮጌ ግዛት ልጅ፣ መጠጥና ቁማር ወዳድ፣ አስቂኝ ሰው። ሁለተኛው ጂካር ነው፤ ሕዝቡ ናርን በሴንታውሪ ቅኝ አገዛዝ ሥር የማቀቀ፣ በቀል የሚያንገበግበው ሰው። ገዢና ተገዢ የነበሩ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ኮሪደር እየተጋጩ ያልፋሉ።

በ1994 በቀረበው የመጀመሪያው ክፍል ሎንዶ ለጣቢያው አዛዥ አንድ ነገር ይነግራል። የሴንታውሪ ሰው አልፎ አልፎ የራሱን ሞት በሕልሙ ያያል፤ እርሱም አይቷል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ እጁ በጂካር ጉሮሮ፣ የጂካርም እጅ በእርሱ ጉሮሮ ላይ እንዳለ ሁለቱም ይሞታሉ። ናርኖች በዚያው ክፍል የሴንታውሪን ሰፈራ ወርረዋል፤ ሎንዶ በቁጣ ነድዷል። ስለዚህ የሕልሙ ሰም ፍጹም ሙሉ ነው፤ ሁለት ጠላቶች እስከ መጨረሻው ጠላቶች ሆነው ይኖራሉ ማለት ነው። ተመልካቹ የሚቀረው ጥያቄ የለውም። ነገሩን ሰምቶ፣ አምኖት ያልፋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ያ ሞት በማያ ገጹ ላይ ይታያል። ሎንዶ ንጉሠ ነገሥት ሆኗል፤ አገሩ ተቃጥሏል። በትከሻው ላይ ፈቃዱን የሚገዛ አንድ ፍጡር ተጣብቋል። ይህ ጠባቂ የሚያንቀላፋው ሎንዶ ሲሰክር ብቻ ነው። ሎንዶ በዚያች አጭር የነፃነት ጊዜ ጂካርን አስጠርቶ እንዲገድለው ይለምነዋል። ጂካር እጁን ያነሣል። ጠባቂው ይነቃና የሎንዶን እጆች በግድ ወደ ጂካር ጉሮሮ ይሰዳቸዋል። የ1994ቱ ሕልም አንድ ነገር እንኳ ሳይለወጥበት ተፈጽሟል፤ የእጆቹ አቀማመጥ ያው ነው። የተለወጠው ፍቺው ነው። ጥላቻ መስሎ የተነገረው ምሕረት ሆነ። ያችን የጂካር እጅ ያበደራት ጥላቻ ሳይሆን፣ በመካከል ባሉት ዓመታት የተገኘው ወዳጅነት ነው።

ይህ ውስጠ ወይራ ነው። ሕልሙ በተነገረ ጊዜ ውስጡን የሚጠቁም አንድም ቃል አልተጨመረም፤ ሙዚቃው አልጮኸም፤ አዛዡም አልደነገጠም። ሰሙ በራሱ ቆሟል፤ ወርቁም የሰሙን ቅርፅ እንዳለ ወርሷል።

ሁለተኛው ዕይታ ከዚህም የበለጠ ይሰጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሎንዶ ስካር የሳቅ ምንጭ ነው። ጭብጡ ከባድ በሆነባቸው ክፍሎች ተመልካቹን ለማሳረፍ የገባ ይመስላል። ጠባቂውን አይቶ የተመለሰ ተመልካች ግን ያንን ብርጭቆ በሳቅ ሊያየው አይችልም፤ ለዚህ ሰው አንድ ቀን ከመጠጥ በቀር የነፃነት በር እንደማይቀረው ያውቃልና። ደራሲው ከመጀመሪያው አስቦበት ይሁን ወይም በኋላ ያገኘው ይሁን ብዙ አያከራክርም፤ ሁለቱ ትዕይንቶች ተገጣጥመዋል።

ሌላው የሚጠቀሰው ሞርደን የተባለው ጨዋ፣ ፈገግተኛ እንግዳ በመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ መልእክተኞቹ እየዞረ የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ነው። «ምን ትፈልጋለህ?» ይላቸዋል፤ ሌላ ምንም አይልም። ጂካር የጠላቶቹን ጥፋት እንደሚመኝ ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው ነገር ግን መልስ የለውም። ሎንዶ የሕዝቡ የቀድሞ ክብር እንዲመለስ ይመኛል። በመጀመሪያው ዕይታ ይህ የሁለት ሰዎችን ጠባይ የሚያስተዋውቅ ጥሩ ጭውውት ነው። በሁለተኛው ግን ውል ነው፤ ሎንዶ የጠየቀውን አንድ በአንድ ያገኛል፣ ባገኘውም ነገር ይጠፋል። ያለፈ ግዛት ክብርን መመኘት ወዴት እንደሚያደርስ ይህን ያህል በጭውውት መልክ ያሳየ የቴሌቪዥን ሥራ ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ የድራማውን ጉድለት መሸፈን አይገባም። በመጀመሪያው ምዕራፍ መገባደጃ ላይ፣ ከዓመታት በፊት የጠፋው ባቢሎን አራት የተባለ ጣቢያ በድንገት ይታያል፤ በውስጡም ፊቱ የተሸፈነ ምስጢረኛ ሰው ይዘዋወራል። እንቆቅልሹ ታላቅ መልስ እንደሚጠብቀው ግልጽ ነበር። ነገር ግን የአዛዡን የሲንክሌርን ገፀ ባሕርይ የሚጫወተው ማይክል ኦሄር ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ሥራውን ተወ፤ በቦታው ብሩስ ቦክስላይትነር በሌላ ገፀ ባሕርይ ገባ። ኦሄር በ1996 በእንግድነት ተመልሶ የሲንክሌርን ታሪክ ፈጸመ። ከሥራው የተለየው በከባድ የአእምሮ ሕመም ምክንያት እንደነበር ደራሲው የገለጸው ተዋናዩ በ2012 ካረፈ በኋላ ነው፤ ምስጢሩን እስከዚያ ጠብቆለታል።

ስትራዚንስኪ ለእንዲህ ያለው አደጋ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንድ ተዋናይ ቢለይ ታሪኩ የሚወጣበትን በር አስቀድሞ ለየገፀ ባሕርያቱ አዘጋጅቷል። ሆኖም የባቢሎን አራትን ሁለት ክፍሎች በተከታታይ የሚያይ ሰው ስፌቱን ያገኘዋል። በ1994 ለአንድ ሰው የተለካው ልብስ በ1996 ለሁለት ሰዎች ተቀድዷል። የሚገርመው ግን የሎንዶ ሕልም ያንኑ የአምስት ዓመት አውሎ ነፋስ አልፎ አንድም ስፌት ሳይታይበት መቆየቱ ነው። ልዩነቱ ከአሠራሩ የመጣ ነው። ፊቱ የተሸፈነው ሰው ሰም የለውም፤ «ይህ ማን ነው?» ከሚል ጥያቄ በቀር በመጀመሪያው ዕይታ ምንም አይሰጥም፤ ስለዚህ ዕጣው ሁሉ በመልሱ ላይ ተንጠለጠለ። ሕልሙ ግን መልስ ባይመጣለትም እንኳ ሙሉ ነበር። ልብ ሰቀላና ንግር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ልብ ሰቀላ ተመልካቹን ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ መልሱ ከታወቀ በኋላም ኃይሉ ያልቃል። ንግር ሥራውን የሚጀምረው መልሱ ሲታወቅ ነው።

ከጠፈሩ ጣቢያ ወደ ዓባይ በረሃ መንገድ መመለስ ሩቅ ዝላይ ይመስላል። ይሁንና «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚሁ መለኪያ ሲመዘን፣ ለብዙ አንባቢ የታወቀ የመሰለው መጽሐፍ አዲስ ይሆናል። ከርዕሱ መጀመር ይቻላል። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው «እስከ መቃብር» ሲባል የሚሰማው የአፍቃሪዎችን መሐላ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቴ አልለይህም እንደማለት። ሰሙ የዘወትር አነጋገር ነው። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ግን መቃብሩ ምሳሌ እንዳልነበረ ያውቃል፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ ጉዱ ካሣም ጭምር፣ በአንድ ስፍራ ያርፋሉ። ደራሲው የታሪካቸውን ፍጻሜ በሽፋኑ ላይ ጽፈውታል፤ ማንም ግን ምስጢር ወጣ ብሎ አላማረረም።

ከዚህ የሚልቀው የሰብለ ልብስ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ከአባቷ ቤት ስታመልጥ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ትወጣለች። በመጀመሪያው ንባብ ይህ የማምለጫ ዘዴ ነው። አንባቢው «ትያዝ ይሆን?» እያለ ልቡ ተንጠልጥሎ ከመንገዱ ጋር ይሄዳል፤ ስለ ልብሱ ለማሰብ ጊዜ የለውም። ሰብለ በዛብህን ስታገኘው በሽፍቶች ተመትቶ በሞት አፋፍ ላይ ነው። ከዚያም በእውነት ትመነኩሳለች። በሁለተኛው ንባብ እንግዲህ ያ ልብስ ማስመሰያ መሆኑ ይቀራል። ሰብለ ሳታውቀው የቀሪ ዕድሜዋን ልብስ ለብሳ ነበር ከቤት የወጣችው፤ ለሠርጓ ስትሮጥ የለበሰችው የኀዘኗን ልብስ ነው። በዛብህም ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው። ስለቱ በመጀመሪያ የልጁን ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት መላክ የሚያስረዳ ተራ ምክንያት መስሎ ያልፋል፤ ወደ ኋላ ሲመለሱበት ግን ገና በልጅነቱ የታሰረ ገመድ ሆኖ ይገኛል። አንደኛው በስለት፣ ሌላዋ በልብስ፣ ሁለቱም ሳይመርጡት ለምንኩስና ተሰጥተው ኖረዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን የትም ቦታ ቆመው አላስረዱም።

የጉዱ ካሣ ነገር በመጠኑ ይለያል። ኅብረተሰቡን እርስ በርሱ በተደራረበ ድንጋይ መስሎ፣ አንዱ ድንጋይ ከቦታው ሲናጋ ሌላው አብሮ እንደሚናድ የሚናገርበት ክፍል ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፣ በትምህርት ቤትም ተተንትኗል። ምሳሌው ከነፍቺው የቀረበ ስለሆነ ሰምና ወርቁ ጎን ለጎን ቆመዋል ማለት ይቻላል። እውነተኛው መሸፈኛ ንግግሩ ሳይሆን ተናጋሪው ነው። አገሬው «ጉዱ» ብሎታል፣ እብድ ብሎታል፤ አንባቢም በመጀመሪያው ንባብ ከአገሬው ጋር ፈገግ ይላል። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡ ያ ንግግር ተመልሶ ይሰማል።

ለዚህ ክፍል ሌላ ሁለተኛ ንባብ ያዘጋጀው ታሪክ ራሱ ነው። መጽሐፉ በታተመ በስምንተኛው ዓመት፣ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ያነበበ፣ ወይም በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲያነበው የሰማ ሰው፣ የድንጋዩን ምሳሌ በ1958 ዓ.ም. እንደተነበበው አድርጎ ሊሰማው አልቻለም። ደራሲውን ነቢይ ማድረግ ግን ስሕተት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያዩትን መናድ የጀመረ ግንብ ተናገሩ እንጂ የሚናድበትን ዓመት አልቆጠሩም። የሬዲዮው ንባብ ሌላም ጥቅም ነበረው። የሬዲዮ አድማጭ ገጽ ገልብጦ መመለስ አይችልም፤ እንደ ማሕሌቱ ታዳሚ አንድ ጊዜ የተነገረውን በልቡ ይዞ ያሰላስላል። የወጋየሁ ድምፅ በብዙዎች ጆሮ ውስጥ መቅረቱ በድምፁ ውበት ብቻ የመጣ አይመስልም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ዕይታ የቀመሰ ተመልካች ቀስ በቀስ ሁሉም ነገር ንግር ይሆንበታል። የመጋረጃው ቀለም፣ በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል፣ የተዋናዩ ማሳል ምልክት ይሆኑበታል። የቅኔ ትምህርት ቤት ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነበረው። ተማሪው ወርቅ አገኘሁ ሲል መምህሩ ሰሙን እንዲያሳየው፣ አገባቡንም እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። በሰሙ ውስጥ ቦታ የሌለው ወርቅ የተማሪው የራሱ ፈጠራ ተብሎ ይጣላል። የሂስ ሥራም ይህን ያህል ጥብቅ መሆን ይገባዋል።

ሌቪን ራሱ በጥርጣሬው አልጸናም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ «ከአሻሚነት መሸሽ» የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ ሰጥቶ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የምዕራቡ የኅብረተሰብ ሳይንስ ቃልን ሁሉ ወደ አንድ ፍቺ ለማጥበብ ባደረገው ጥረት ያጣውን ነገር መረመረ፤ የኢትዮጵያ ልምዱንም ለክርክሩ ተጠቀመበት። ስትራዚንስኪ የጠፈር ድራማውን ያቀረበው ከዚህ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱ ሰዎች ይተዋወቁ ነበር የሚል የለም። ያም ሆኖ የሎንዶን ሕልም ያየ ሰው፣ የመንዝ ገበሬ አነጋገር ከሳይንስ ዘመን ጋር አይስማማም የሚለውን አሮጌ ጥርጣሬ እንደገና ለመመዘን ይገደዳል።

ጉዳዩ ለመምህራንና ለድራማ ጸሐፊዎች የዕለት ሥራ ጉዳይ ነው። በክፍል ውስጥ ልብ ወለድ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ነው፤ አንዳንዴም በማስታወሻ ደብተር ላይ የተጻፈው የታሪኩ አጽመ ሐሳብ ብቻ ይነበባል። ፈተናው የገፀ ባሕርያትን ስምና ጭብጡን ይጠይቃል። ተማሪው የመጨረሻውን ምዕራፍ ከጨረሰ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ሃያ ገጽ ብቻ እንዲያነብ ቢደረግ፣ ከዚያም «ሰብለ የመነኩሴ ልብስ መጀመሪያ የለበሰችው ለምን ነበር?» ቢባል፣ ንግር የሚለው ስም በደብተር ላይ ብቻ አይቀርም። የመንዝ ወይም የመርሐ ቤቴ ተማሪ ለዚህ ከማንም ያነሰ ዝግጅት የለውም፤ በለቅሶና በሠርግ ላይ በሚገጠመው ግጥም ወርቁን ሲፈልግ ነው ያደገው።

የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ጸሐፊ ፈተናው ይከብዳል። አንዱ ክፍል እየተላለፈ ቀጣዩ የሚጻፍ ከሆነ፣ ጸሐፊው የማያውቀውን ፍጻሜ ሊጠቁም አይችልም፤ ሊሰጥ የሚችለው ልብ ሰቀላ ብቻ ነው። በየሳምንቱ አዲስ እንቆቅልሽ ይከፍታል፤ የከፈተውን ሁሉ ለመዝጋትም ክፍሎቹን ያበዛል። ገንዘብና ጊዜ ሰበብ ይሆናሉ፤ ሰበቡም እውነት አለው። «ባቢሎን አምስት» ራሱ በየዓመቱ እንዳይቋረጥ እየተሠጋ የተሠራ ነበር። በ1997 አራተኛው ምዕራፍ ሲጠናቀቅ አምስተኛው ይፈቀድ ወይም ይከልከል አልታወቀም ነበር። ስትራዚንስኪ በዚያ ጭንቀት ውስጥ የታሪኩን የመጨረሻ ክፍል ራሱ አዘጋጅቶ ቀረጸው። ከዚያም አምስተኛው ምዕራፍ ሲፈቀድ ያንን ክፍል አስቀመጠው፤ በፊቱ የሚቆመውን ሙሉ የአንድ ዓመት ታሪክ ጻፈ። ክፍሉ ለሕዝብ የታየው በኅዳር 1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ጊዜ ከተቀረጸ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።